ለእትዬ፣ ስልኩ ከመደወሉ በፊት

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲገባ የሚያስነክስሽ ጉልበትሽ ዘንድሮስ ተሻለሽ ወይ? ደረጃ ላይ አትሩጪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ አልመክርሽም። ባለቤትሽስ፣ ጋሼ እንዴት ናቸው? መጋዙን አስቀምጠው ዐረፍ ማለት ጀመሩ ወይስ አሁንም ዓይናቸውን አጨንቁረው እንጨት ይለካሉ? ልጅሽስ፣ ያቺ ሳቂታ፣ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ጎረቤቶቹስ? ግቢው ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ይገርምሽ ይሆናል። ደጋግሜ ደውዬልሽ ነበር እኮ። ድምፅሽን ስሰማ ግን ስለ ብርዱና ስለ ጉልበትሽ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ምን ሆነሃል፣ ድምፅህ ልክ አይደለም ስትይኝ ጉንፋን ነው እልሻለሁ። ጉንፋን አይደለም እትዬ። ልጄን ወስደውብኛል። ድምቡሼን የሕፃናት ደኅንነት ቢሮ ወስዷታል። ሙቀቱ አልፎ ብርዱ ገባ፣ ቤታችን ውስጥ የልጅ ድምፅ የለም። ደንግጠሽ ከተቀመጥሽበት እንዳትነሺ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ፣ ከአንቺ የምፈልገው ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

እንዴት ሆነ ትይኛለሽ። የእኔንና የባለቤቴን ሥራ ታውቂዋለሽ። እኔ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ከንጋት ጀምሬ አንሶላ ሳጥብና ስጨምቅ እውላለሁ። እሷ ዳቦ ቤት የምትገባው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ከመውጣቴ በፊት እሷ መግባት አለባት። በመካከል ያለችው ሰዓት የማንም አይደለችም፤ ድምቡሼ ግን በዚያችም ሰዓት ጠባቂ የምትፈልግ ሕፃን ናት። ስለዚህ ዘዴ ዘየድን። በዳቦ ቤቱ በር የሚያልፈውን አውቶቡስ የሚነዳው ሰው ወዳጃችን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጢሞ ይለዋል። ባለቤቴ ልጅቷን ከጢሞ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ታስቀምጣታለች፣ እኔ ሆስፒታሉ ፌርማታ ላይ ቆሜ እቀበላታለሁ። ጢሞ በመስታወቱ እያያት ያጫውታታል፣ ሲደርስ ክላክስ ያደርግልኛል። ስትወርድ ብታያት እንደ ሚኒስትር ነበር የምትወርደው። የተሰጣት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ አባትሽን ሳታዪ እንዳትወርጂ።

አንድ ቀን ጢሞ አሞት ቀረ። ባለቤቴ ረፍዶባት እየሮጠች ልጅቷን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ወረደች እንጂ የሾፌሩን ፊት አላየችም። እኔ ጋ ደግሞ ትልቁ መጭመቂያ አንሶላ ውጦ ተያዘ። አለቃዬ ይሄ ሳይፈታ ማንም ንቅንቅ አይልም አለ። ፌርማታው ጋ ስደርስ አውቶቡሱ አልፏል። የሚቀጥለው መጣ፣ የለችም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሩጫዬን ተዪው። እሷ ለካ እኔን ስላላየች አልወረደችም። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ስትዞር ቆይታ፣ ሾፌሩ አውቶቡሱን ማደሪያው አስገብቶ በሩን ሊቆልፍ ሲል ነው ያያት። አላለቀሰችም አሉ። ውረጂ ሲሏት አባቴን ሳላይ አልወርድም ብላ የወንበሩን ብረት ጨምድዳ ያዘች። ተሸክመው አወረዷት። ሾፌሩ ፖሊስ ጠራ፣ ፖሊሱ ቢሮውን ጠራ። ሾፌሩን አልቀየመውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ኮቷ አንገት ላይ ቀይ ቁልፍ ሰፍቼላት ነበር፤ አንቺ ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ። የቢሮው ሠራተኛ ይሄ ለምንድን ነው ብላ ስትጠይቃት ድምቡሼ ምን ብትል ጥሩ ነው? ሰዎች የማን ልጅ እንደሆንኩ አውቀው ለአባቴ እንዲሰጡኝ ነው አለች። በደስታ ነው የነገረቻት፣ በኩራት። ያ መልስ አልጠቀመንም። ልጅቷን ከሰው ወደ ሰው የማሻገር ልማድ አላቸው ተባለ። ጢሞ ይህን ሲሰማ ቤታችን መጥቶ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እኔ ባልታመም ኖሮ እያለ አለቀሰ። እኛው አባበልነው። እስካሁን ድረስ ወንበሯ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ቦርሳውን ያስቀምጥበታል፣ ተሳፋሪዎች ይቆጡታል።

ጉዳያችንን የያዘችው ሠራተኛ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ረግሜያት ይወጣልኝ ነበር። ጉንፋን የማይለቃት፣ እያስነጠሰች ይቅርታ የምትጠይቅ፣ እኛ ስናለቅስ ዓይኗን ወደ መስኮት የምታዞር ሴት ናት። በሳምንት አንድ ጊዜ ልጃችንን እንድናይ ፈቀደችልን። የምናያት ቢሮው ውስጥ፣ መጫወቻ በሞላበት ክፍል ነው። አንዲት ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ሰው እያየሽ የገዛ ልጅሽን ማቀፍ እንዴት እንደሚከብድ! ብዙ ካቀፍኳት አስጨነቃት ይሉኛል፣ ካላቀፍኳት አይወዳትም ይሉኛል። እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኝና የፕላስቲክ መኪና ይዤ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ክፍል ውስጥ ድምቡሼን ውኃ ጠማት። ውኃ ልጠጣ ብላ ያስፈቀደችው እኔን አይደለም፣ እናቷንም አይደለም፤ ጥጉ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ነው። ሴትየዋ ራሷ ደነገጠች፣ አባትሽን ጠይቂው አለቻት። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ አየችኝና ተመልሳ ወደ ሴትየዋ ዞረች። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አይወርድላትም። ቢሮው ሰጥቷቸው ቤታቸው የያዟት ሰዎች አዲስ ኮት ገዝተውላታል፣ ጥሩ ኮት ነው፣ ይሞቃል። አሮጌውን በፌስታል አድርገው መለሱልን። ባለቤቴ አጠበችው፣ ንጹሕ የነበረውን። ሲደርቅ እንደገና አጠበችው።

አሁን ወሳኙ ቀጠሮ ቀርቧል። ሠራተኛዋ በግልጽ ነገረችን፤ ለእኛ የመመለሱ ተስፋ መንምኗል። ልጅቷን ለያዟት ሰዎች ለዘለቄታው ከመስጠታቸው በፊት ግን ሊያሳድጋት የሚችል የሥጋ ዘመድ እንዳለ ይጠይቃሉ። ማን አላችሁ ስትለኝ አፌ ላይ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ባለቤቴም ሳታመነታ እትዬ ብላ ተናገረች። ያኔ የሁለታችንም ልብ ትንሽ ረገብ አለ። በቅርቡ ይደውሉልሻል። ሳንጠይቅሽ ስምሽን በመስጠታችን ይቅር በይን፤ እምቢ እንደማትይ እናውቃለን።

ልጄን ወደ አንቺ መላክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። ጥርሷ ሲነቃነቅ፣ ማንበብ ስትጀምር አላያትም፤ በስልክ ድምጿን ልሰማ ብቻ ነው። ለእነዚያ ሰዎች ከተሰጠች ግን ያንንም አልሰማ፤ የእኔ ስም እንኳ ከስሟ ይነሣል አሉን። አንቺ ጋ ከሆነች ቢያንስ አባትሽ እንዲህ ያለ ቀልቃላ ነበር፣ እንዲህ ያለ ለፍላፊ ነበር ብሎ የሚነግራት ሰው አጠገቧ አለ። እንድትጠላኝም ቢሆን አውቃ ትጥላኝ።

እዚህ ድረስ ያለው ለስልክም ይበቃ ነበር። ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

ሰሞኑን የወላጆች አስተያየት ይሰብሰብ ተባለ። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው አባቶችና እናቶች የቢሮውን አገልግሎት እንዴት እንዳገኙት ይናገሩ፣ ጥናት ይሠራበታል ብለው ጠሩን። ቀልድ መሰለኝ። እንዴት ነበር ተብሎ የሚጠየቀው ምግብ ቤት ገብቶ የበላ ሰው ነው እንጂ! ባለቤቴ ይቅርብህ፣ አፍህን ታውቀዋለህ አለችኝ። እኔ ደግሞ ከቀረሁ ግድ የለውም እንዳይሉኝ ብዬ ሄድኩ።

ቦታው የቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ነው። ወንበር ክብ አድርገው ደርድረዋል፣ ብስኩት አቅርበዋል፤ የእንባ መጥረጊያ ወረቀቱንም አስቀድመው መሀል ላይ አስቀምጠውታል። እዚህ ቤት የሚመጣ ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ ማለት ነው። የምትጠይቀን ቀጭን ወጣት ሴት ናት፣ ድምጿ ለስላሳ። የድምፅ መቅጃዋን ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችና እኔ የቢሮው ሠራተኛ አይደለሁም፣ ስማችሁ የትም አይጻፍም፣ የልባችሁን ንገሩኝ አለች። ሁላችንም መቅጃውን አየነው። እንደ እንግዳ ወንበር ተሰጥቶት መቀመጡ ራሱ ያስፈራል።

አጠገቤ የተቀመጠችው እናት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ምን ብትጠየቅ መልሷ በጣም ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ ነበር። ልጅሽን ሲወስዱ እንዴት አስረዱሽ? በጣም ጥሩ አድርገው፣ አመሰግናለሁ። እጇ ግን የቦርሳዋን ማንገቻ ሊበጥሰው ደርሶ ነበር። ፊት ለፊቴ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆቹ ተወስደውበታል። ምን ይሻሻል ትላለህ ሲባል ብዙ አሰበና እኔ የምፈልገው የልጆቼን ፀጉር ማን እንደሚቆርጠው ማወቅ ነው አለ። ላያቸው በሄድኩ ቁጥር የሌላ ሰው እጅ ጭንቅላታቸው ላይ አያለሁ፣ ቆራጩ ደግሞ ሙያ የለውም አለ። ሳቅን። እሱም ሊስቅ ሞከረና ከመሀል ወረቀት አነሣ።

ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ብዬ ጠየቅኳት እኔ ነገረኛው። ወደፊት ለሚመጡት ወላጆች ይጠቅማል አለችኝ። የሚመጡት! ገና የሚመጡ አሉ ማለት ነው እትዬ። የሆነ ቦታ አሁን ልጁን ካልሲ እያለበሰ ያለ አባት አለ፣ ይህ ወንበር እንደሚጠብቀው አያውቅም።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ያን ጊዜ ማን ቢያግዝህ ልጅህ አትወሰድም ነበር አለችኝ። ሰው ነው የጎደለኝ አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ስትል፣ አፌ ተከፈተና አንቺን አወራሁ። እናታችን ስታርፍ አንቺ ራስሽ ገና ልጅ እንደነበርሽ፣ ፈትል ፋብሪካ ፈረቃ እየገባሽ እንዳሳደግሽኝ ነገርኳቸው። ጧት ለልብስ ሰፊው ትሰጪኝ ነበር አልኩ፤ ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቼ የፔዳሉን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ደንበኛ ሲበዛባቸው ለወፍጮ ቤቷ እናት ያሻግሩኛል፣ ከዚያ የምወጣው ዱቄት ለብሼ ነው። እህል የሚጭነው ሾፌር ጋቢና አስቀምጦ ፋብሪካው በር ያደርሰኝና ለዘበኛው ያስረክበኛል። ዘበኛው አንቺ እስክትወጪ ካፖርታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁኛል፣ ከምሳቸውም ያጎርሱኛል። ቀይ ቁልፏን አንገቴ ላይ የሰፉልኝ ልብስ ሰፊው እንደነበሩም ነገርኳቸው፤ የትም ብገኝ የእሷ ልጅ ነው ተብዬ ወደ አንቺ እንድመለስ። የእኔንም ልጅ እንደዚያ ነው የያዝኳት አልኩ። አልጣልኳትም፣ ለሰው አደራ ሰጥቻት ነው።

ክፍሉ ሁሉ ሞቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ አመሰግናለሁ ማለቷን ትታ እኔንም አያቴ እንዲሁ ነበር ያሳደገችኝ አለች። ፀጉር አስተካካዩ ዘበኛው አሁንም አሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልቤ ሙሉ ሆኖ ወጣሁ። ከተወሰደችብኝ ወዲህ ትከሻዬን ቀና አድርጌ የሄድኩት ያን ቀን ነው፣ እሱም እስከ ደረጃው ድረስ።

ደረጃው ላይ ጠያቂዋ ተከትላኝ መጣች። መቅጃው በእጇ የለም። ልጅህ ለዘመድ ትሰጣለች ተብሏል ወይ አለችኝ። አዎ፣ ለዚያችው ላወራሁልሽ ለእህቴ፣ ሊደውሉላት ነው አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ይህን ልነግርህ አይገባኝም ነበር፣ ግን ቀድሞ እዚያ ቢሮ ሠርቻለሁ፣ የሚጠይቁትን አውቀዋለሁ አለች። ከዚህ በፊት ልጅ አሳድገሻል ወይ፣ ሥራ ስትሄጂ ልጁን ማን ይይዘው ነበር ብለው ይጠይቋታል። እህትህ ዛሬ አንተ እንደነገርከን አድርጋ ከነገረቻቸው ልጅቷን አይሰጧትም፤ ይሄ ልማድ ከእሷ የመጣ ነው ይላሉ አለችኝ። እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ ቆየችና ታሪክህ ደስ ይላል ብላ ተመለሰች። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

እስከዚያች ደረጃ ድረስ በችግር ያደግኩ መሆኔን አላውቅም ነበር እትዬ። ሀብታም ልጅ የነበርኩ ነው የሚመስለኝ። ሌላው ልጅ አንድ ቤት ሲኖረው እኔ መንገዱ ሙሉ ቤቴ ነበር። አሁን ሌሊት ሌሊት እየባነንኩ በእነሱ ዓይን አየዋለሁ፤ የስፌት መኪና ሥር የተኛ ሕፃን፣ ከማያውቁት ሾፌር ጋር ጋቢና የተቀመጠ ሕፃን። እንዲህ አድርጌ ሳየው ለራሴ ያስፈራኛል፣ ከዚያ የዘበኛው ካፖርት ሽታ ትዝ ይለኝና በማን እንደምናደድ ይጠፋኛል። ጨንቆኛል። ምድር ጠቦኛል። አንሶላ ሳጥፍ የትንሽ አልጋ አንሶላ ከመጣ ለሌላ ሰው አሳልፌ እሰጣለሁ።

ስለዚህ እግርሽ ላይ ወድቄ የምለምንሽ ይህን ነው። ሲደውሉልሽ እኔን እቤት ተቀምጠሽ እንዳሳደግሽኝ ንገሪያቸው። ፋብሪካውን አታንሺ፣ ፈረቃ የሚባል ነገር ከአፍሽ አይውጣ። ጋሼ ያኔም ነበሩ፣ ረዱኝ በይ፤ እሳቸውም እንዲያውቁት አስጠኚያቸው፣ እንደ ልማዳቸው እውነቱን በመሀል እንዳይዘረግፉት። ውሸት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፤ ስትዋሺ ጆሮሽን ትነካኪያለሽ፣ ደግነቱ ስልክ አያሳይም። በሕይወቴ ያየሁትን ትልቁን ደግነት አልሠራሁትም በይ ማለቴ ነው። አውቃለሁ፣ ይሄን የሚጠይቅ ወንድም አላሳደግሽም ነበር። ልጄን አድኚልኝና እንደፈለግሽ ቁረጪኝ።

ደብዳቤውን ለሚያደርስልሽ ሰው ትንሽ ጥቅልም ሰጥቼዋለሁ፤ ቀይዋ ቁልፍ ናት። አዲሱ ኮት ላይ እንድሰፋላት አልተፈቀደልኝም። አንቺ ጋ ስትደርስ ስፊላት። ገበያ ስትወጪ ለማን እንደምትተዪያት መቼም አላጣውም።

በይ እንግዲህ፣ ጋሼን በጣም ናፍቄያቸዋለሁ በይልኝ፣ ዓይናቸውን ይጠንቀቁ። ሳቂታዋን ልጅሽን ጉንጯን ስመሽ ምናልባት ታናሽ እህት ትመጣልሻለች በያት። ባለቤቴ መጻፍ አልቻለችም፣ ግን ከጎኔ ቁጭ ብላ እጅ ትነሣሻለች። ልብስ ሰፊውን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ዓይናቸው ከደከመ መርፌውን ክር አግቢላቸው። የወፍጮ ቤቷን እናት እቀፊልኝ፣ ዱቄቱ ልብስሽን ቢያበላሸውም። የእህል መኪናውን ሾፌር ካገኘሽው ጋቢናውን አልረሳሁትም በይው። ዘበኛው በሕይወት ካሉ ካፖርታቸውን ሳሚልኝ፣ ከሌሉም መቃብራቸው ላይ ስለ እኔ ቁሚልኝ። ሁሉንም ቤት ለቤት እየዞርሽ፣ አንድም ሰው ሳታስቀሪ ሰላም በይልኝ።

ስልኩ ሲደወል ግን እትዬ፣ አንዳቸውንም አታውቂያቸውም።

ያንቺው ቀልቃላ

ከልብስ ማጠቢያው፣ አንሶላ ከሚታጠፍበት ጠረጴዛ ላይ
ኅዳር ፲፱ ቀን